አብርሃምም ባለጠጋ ነበረ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች!

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ክርስቲያን ሀብታም ሊሆን ይችላል ወይ?» የሚል ነው። መልሴን ሳላቆይ ልስጥ፤ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ሥር ሌላ ጥያቄ አለ፤ ኑሮ የተሳካልን ሰዎች በልባችን የምንጠይቀው እርሱን ነው። «በላቤ ያገኘሁትን ሀብት እንዳሻኝ ለራሴ ድሎትና ክብር እያዋልሁ ክርስቲያን ሆኜ መኖር እችላለሁ ወይ?» ለዚህኛው መልሴ «አይቻልም» ነው። ሀብትና ቅንጦት ዘወትር አብረው ስለሚታዩ አንድ ይመስሉናል። ወንጌሉ ግን ለይቷቸዋል፤ በስማቸው የሚጠራውን ቅዳሴ የምንቀድስላቸው አባቶችም ለይተዋቸዋል።

ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ልጀምር። «ቀይ ልብስና ቀጭን የተልባ እግር የለበሰ አንድ ባለ ጠጋ ሰው ነበረ፥ ዕለት ዕለትም እየተመቸው በደስታ ይኖር ነበር» ይላል። በደጁ አልዓዛር የሚባል ድሃ በቁስል ተወርሶ ተኝቷል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ባለጠጋውን ክፉ ሰው አድርገን እንስለዋለን፤ ምናልባት ቀማኛ፣ ምናልባት አራጣ አበዳሪ። እባካችሁ ቤታችሁ ስትገቡ መልሳችሁ አንብቡት። ሰረቀ አይልም። በሐሰት መሰከረ አይልም። አልዓዛርን ገፈተረው፣ ከደጄ አንሡልኝ አለ እንኳ አይልም። ሀብቱን ከየት እንዳመጣው አንድም ቃል አልተጻፈም። የተጻፈው ምን እንደለበሰ፣ እንዴት እንደኖረና በደጁ ማን እንደተኛ ብቻ ነው። ለሲኦል የበቃው በዚህ ነው።

ታሪኩ ወደዚያኛው ዓለም ሲሻገር ደግሞ ባለጠጋው ዓይኑን አንሥቶ አልዓዛርን ያየው በማን እቅፍ ነው? በአብርሃም እቅፍ። አብርሃም ማን ነው? ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 በከብት፣ በብርና በወርቅ እጅግ የበለጠገ ሰው እንደነበረ ይነግረናል። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ባለጠጎች አሉ። አንዱ በእሳት ውስጥ ነው፤ ሌላው ድሃውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሀብት ብቻውን የሚያስኮንን ቢሆን ኖሮ አብርሃም በዚያ ባልተገኘ ነበር።

የሁለቱ ልዩነት የሚታየው በደጃቸው ላይ ነው። አብርሃም በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት እንግዶች ቢያይ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አስመጣ፣ እንጎቻ አስጋገረ፣ ጥጃ አሳረደ። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ «ሥላሴ በአብርሃም ቤት» እየተባለ የሚሣለው ይህ ነው። አባቶች ሲተርኩም፣ ሰይጣን በመንገድ ተቀምጦ እንግዳ ቢያስቀርበት አብርሃም ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን ጾመ ይላሉ። የዚያ ሰው ሀብት ለብቻው የሚበላ ሀብት አልነበረም።

ይህን የሉቃስ ምዕራፍ እንደ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ አጥብቆ የሰበከ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ386 በአንጾኪያ ቅስና ተቀበለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ አልዓዛር ተከታታይ ስብከት ሰበከ። አንጾኪያ ያን ጊዜ ከሮም መንግሥት ታላላቅ የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ሰሚዎቹ ሐር ለባሾች፣ ባለብዙ አገልጋዮች ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች የነገራቸው ቃል ዛሬም ያስደነግጣል፤ ያለንን ለሌላው አለማካፈል ራሱ ስርቆት ነው አላቸው። ስስት ነው ወይም የፍቅር ጉድለት ነው ብሎ አላለፈውም። ከፍላጎታችን የተረፈው ነገር አስቀድሞ የድሃው ነው፤ በእጃችን የቆየው በአደራ ነው፤ አደራ የበላ ደግሞ ሌባ ነው።

በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ያስተማረውን በራሱ መንበር ጀመረ። የጳጳሱን ቤት የግብር ድግስ አስቀረ፣ ወጪውን ቀነሰ፣ በተረፈው የሕሙማን ቤቶች አሠራ። ብቻውን ጥቂት እየበላ መኖሩ የከተማይቱን መሳፍንትና ዙሪያውን የነበሩትን ካህናት አስቆጣ። የመሳፍንቱን ሚስቶች ከብር በተሠራ የሽንት ዕቃ መጠቀማቸውን በዐውደ ምሕረት ነቀፈ፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው በብርድ ሲሞት ይህን ታደርጋላችሁን አላቸው። ከንግሥት አውዶክስያም ጋር ተጋጨ። በ403 ተሰብስበው ሲከስሱት ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ለማስጌጥ ተቀምጦ የነበረ እብነ በረድ ሸጠ የሚል ነበር። በዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተጋዘ፤ በ407 ወደ ራቀ ግዞት ሲወስዱት በመንገድ ዐረፈ። ይህን ሰው እኛ «አፈወርቅ» እንለዋለን፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱም በስሙ ይጠራል። ወርቅ የሆነው አፉ ስለ ወርቅ ምን እንደተናገረ ግን ለምእመናን ሲነገር የምሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ግመሉ እንምጣ። «ባለ ጠጋ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል።» ስለዚህ ቃል በየስብከቱ የሚነገር ማብራሪያ አለ። በኢየሩሳሌም ቅጥር ላይ «የመርፌ ቀዳዳ» የምትባል ጠባብ በር ነበረች፤ ግመል ጭነቱን አራግፎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያልፍባት ነበር ይባላል። በጌታ ዘመን እንዲህ የምትባል በር ስለመኖሯ ምንም ማስረጃ የለም፤ ማብራሪያው የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ደቀ መዛሙርቱም እንዲያ አልተረዱትም። የሚያውቁት በር ቢሆን ኖሮ «እንግዲያ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው ባልተገረሙ ነበር። ጌታም «ትንሽ ዝቅ ማለት ይበቃል» አላላቸውም፤ «ይህ በሰው ዘንድ አይቻልም» ነው ያላቸው። ማብራሪያው የተወደደው ለእኛ ለግመሎቹ ስለሚያዝንልን ይመስለኛል። በአገራችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። ጌታ የተናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ይህ ቃል የተነገረበት ባለጠጋ ጎልማሳ ያለውን ሁሉ ሽጦ ለድሆች እንዲሰጥ ሲጠየቅ አዝኖ ሄደ። በግብፅ ግን ይኸው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማ አንድ ወጣት ከወላጆቹ የወረሰውን 300 አሩራ (አሩራ የጥንት ግብፅ የመሬት መለኪያ ነው) የሚያህል ለም መሬት ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ሌላውንም ንብረት ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ። በጥር 22 የምናስበው አባ እንጦንስ ነው። ምንኩስና በዚህ መንገድ ወደ እኛም ገዳማት ደረሰ። ሁሉም ሰው እንጦንስ እንዲሆን አልተጠራም፤ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም ለከተማው ባለጠጎች በጻፈው ትምህርት፣ መጣል ያለበት ገንዘቡ ሳይሆን ለገንዘብ ያለን ምኞት ነው፤ ሁሉም ቢጥለው የተራበውን ማን ያበላዋል ይላል። ይህን የቀሌምንጦስን ቃል ሀብታሞች እንወደዋለን። ነገር ግን ይኸው ቀሌምንጦስ በሌላ ቦታ ቢላዋ እጀታው የዝሆን ጥርስ ባይሆንም ይቆርጣል፣ ሸክላ ሠሪ የሠራው መብራትም ያበራል፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ከሰማይ የብር ገንዳ አላስመጣም ብሎ ጽፏል። ግማሹን ተቀብለን ግማሹን መተው አንችልም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። በ368 ገደማ በቀጰዶቅያ ድርቅ ሆነ። በቂሳርያ ሰዎች በረሀብ ሲወድቁ እህል ያላቸው ነጋዴዎች ዋጋው እስኪወደድ ጎተራቸውን ዘግተው ይጠብቁ ነበር። ያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ራሱም የባለርስት ልጅ፣ «ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ» ስላለው ሰው ሰበከ። የያዝኸው እንጀራ የተራበው ነው፣ በሣጥንህ የቆለፍኸው ልብስ የታረዘው ነው፣ የቀበርኸው ብር የችግረኛው ነው አላቸው። ስብከቱ ጎተራ አስከፈተ። የወዳጁ የጎርጎርዮስ ምስክርነት እንደሚለው ባስልዮስ ራሱ ወገቡን ታጥቆ የአተር ወጥና በጨው የቆየ ሥጋ በትልልቅ ድስት አስቀርቦ የተራቡትን አገለገለ። በኋላም ከከተማው ውጭ የሕሙማን፣ የለምጻሞችና የመንገደኞች መጠለያ አቆመ።

ከዚያ ወደ ወሎ ኑ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ባለቀው ሕዝብ ላይ ጥናት ያደረገው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን፣ በአገሪቱ የነበረው እህል በጠቅላላው ከወትሮው ብዙ እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ እንዳልናረ አሳይቷል። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበረ። እህል ነበረ፤ ሰዎቹ የሚገዙበት አልነበራቸውም። ጭሰኛው ግን የመሬቱን ግብር ይጠየቅ ነበር። ቅዳሴ ባስልዮስ በሚቀደስባት አገር፣ መሬት በያዝን ክርስቲያኖች መካከል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ሰፊ መሬት በነበራት ዘመን ይህ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት በአዋጅ ሲወረስ የተማረርን ነበርን። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ባስልዮስን ብንሰማው ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ሐሳብ አይለቀኝም።

«ያ የመሳፍንቱና የባላባቱ ዘመን ነው፤ እኛ ነጋዴዎችና ደመወዝተኞች ነን» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ወደ ቤታችን ወጥ ቤት እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2020 በሊባኖስ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ልጆቻችን ሻንጣቸውን ይዘው በእግረኛ መንገድ ላይ ሲያድሩ ያየን ሁሉ አልቅሰናል። ልክ ነበርን። ነገር ግን ከገጠር መጥታ በቤታችን ለምትሠራው ልጅስ? ማታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ፣ ጠዋት ከሁሉ በፊት የምትነሣ፣ የወር ደመወዟ «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» እየተባለ የሚያዝባት ልጅ በስንቶቻችን ቤት አለች? የያዕቆብ መልእክት «እርሻችሁን ያጨዱት የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምቶ ይጮኻል» ይላል። እኛ ሙሉውን በግእዝ ጠብቀን ያቆየነው መጽሐፈ ሄኖክም በምዕራፍ 94 በባለጠግነታቸው ለሚታመኑ ወዮታ አውጇል። በዓመት በዓል ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ትልቅ ገንዘብ ቃል የሚገባ፣ ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራለት፣ ግን የግንብ ሠራተኞቹን የሁለት ወር ደመወዝ የያዘ ሰው ስጦታው ከእነርሱ ኪስ የወጣ ነው።

ዘኬዎስን ተመልከቱ። የቀረጥ ሰብሳቢዎች አለቃ የነበረው ይህ ሰው ሁሉን ሽጥ አልተባለም። በፈቃዱ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ በሐሰት ከሰው የወሰደውን ግን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሁለቱን አልደባለቃቸውም፤ ምጽዋት ምጽዋት ነው፣ የሰው ገንዘብ ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገን ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ በቅንነት የሚነሣ ስለሆነ ልለፈው አልፈልግም። በቢታንያ አንዲት ሴት ከ300 ዲናር በላይ የሚሸጥ የናርዶስ ሽቱ በጌታ ራስ ላይ አፈሰሰች። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህል ነበር። ለድሆች ቢሰጥ ይሻል ነበር ብለው ሲያጉረመርሙ ጌታ ለእርስዋ ተሟገተላት። ታዲያ ውብና ውድ ነገር ለምን ይነቀፋል? እኔም ዜማውን፣ ሥዕሉን፣ የብራናውን ሐረግ፣ የመስቀሉን ጥልፍ እወዳለሁ፤ እነዚህ ለሁሉ የተሠሩ ናቸው፣ ድሃውም በቅዳሴ ጊዜ እኩል ያያቸዋል። ያቺም ሴት ሽቱውን ለራስዋ አልተቀባችውም። «ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» የሚለውን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ቆርጠን እንጠቅሰዋለን፤ በማርቆስ ወንጌል ያለው ቀጣይ ቃል ግን «በማናቸውም በወደዳችሁት ጊዜ መልካም ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ» ይላል። የሚላኑ አምብሮስዮስ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አቅልጦ በጦርነት የተማረኩትን ሲቤዥ ነቃፊዎቹን፣ ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ያላት ልታከማቸው ሳይሆን ለችግረኛ ልታወጣው ነው ብሎ መለሰላቸው።

ስለ ብልጽግና ወንጌል ስብከት ጥቂት ልበል፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር ሁልጊዜ ይነሣልና። ትምህርቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ እንደ ኬኔት ሄገንና ኦራል ሮበርትስ ባሉ ሰባኪዎች ተስፋፋ፤ ለአገልግሎቱ የምትሰጠው ገንዘብ የእምነት ዘር ነው፣ ተባዝቶ ይመለስልሃል ይላል። የአሜሪካው ሴናተር ቻርልስ ግራስሊ እ.ኤ.አ. በ2007 የስድስት ትልልቅ አገልግሎቶችን ወጪ ሲጠይቁ አብዛኞቹ የተሟላ መረጃ አልሰጡም፤ ጉዳዩም በ2011 ያለ ቅጣት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የሉዊዚያና ሰባኪ 54 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የግል ጄት እንዲገዙ ምእመናንን እርዳታ ጠየቁ። ድሃ ሰው ይህን ስብከት ለምን እንደሚሰማ ይገባኛል። ድህነት ዕጣ ፈንታህ ነው ሲባል ለኖረ ሰው እግዚአብሔር ኑሮህን ያያል የሚል ቃል ውኃ ነው፤ እግዚአብሔርም በእውነት ያያል። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ስትታመም፣ ስትከስር «እምነትህ አንሶ ነው» ይለዋል፤ የመጨረሻ ብሩን ተቀብሎ ጥፋቱንም ያሸክመዋል። ጌታ መቶ እጥፍ ሲል በዚያው ዐረፍተ ነገር «ከስደት ጋር» ብሏል። በአልዓዛር ታሪክም እነርሱ በተረዱት መንገድ የበለጸገው ቀይ የለበሰው ሰው ነበር።

ይህን ርእስ ስናወራ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ስንት ሲደርስ ነው ቅንጦት የሚባለው?» የሚል ነው። በብር ልተምነው አልችልም። ግን ጆን ዌስሊ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ የእኔ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ሰባኪ ነው። በወጣትነቱ የዓመት ገቢው 30 ፓውንድ ነበር፤ በ28 ኖሮ 2 ሰጠ። ገቢው 60 ሲሆን በ28 ኖረ፣ 32 ሰጠ። 90 ሲሆን በ28 ኖሮ 62 ሰጠ። ገቢ ባደገ ቁጥር ኑሮም ማደግ አለበት የሚለውን ሕግ አልተቀበለም። ልጆች ያለን፣ ወላጅ የምንጦር፣ ዋጋ በየወሩ በሚንርበት ከተማ የምንኖር ሰዎች በአንድ ቁጥር መጽናት አንችል ይሆናል። ግን «ይበቃናል» የሚል ቁጥር መኖር አለበት፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈው «ምግብና ልብስ ከኖረን ግን፥ እርሱ ይበቃናል» የሚለው ቃል ለመነኮሳት ብቻ የተላከ አይደለም። ሠርጉ በብድር፣ ክርስትናው በአዳራሽ፣ ተዝካሩ በፉክክር ሲሆን ሀብታሙ ብቻ አይደለም የሚቀናጣው፤ ድሃውም እንዳያፍር ብሎ ዕዳ ይገባል። ያን ዕዳ ያስገባው የእኛ የሀብታሞቹ ድግስ ነው፤ ልኩን ያወጣነው እኛ ነን፤ ዝቅ ማድረግ የምንችለውም እኛ ነን።

ነጋዴዎች ሰኔ 30 ሒሳብ እንዘጋለን። በዚህ ዓመት ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሌላ ሒሳብም ሥሩ። በወረቀት ላይ መጀመሪያ የምትጽፉት በሐሰት ወይም በጉልበት ከሰው የወሰዳችሁት ካለ እርሱን ይሁን፤ ቀጥሎ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የቤት ሠራተኛችሁም ጭምር፤ ቀጥሎ ቤታችሁ በዓመት የሚበቃው ገንዘብ። ከዚያ በታች የሚቀረው ለማን እንደሚሄድ በስም ጻፉ፤ በሰፈራችሁ የምታውቋቸውን ሰዎች ስም።